መሮውን በእጇ አስጨብጧት



የዛሬውን ጽሑፍ ከማንበባችሁ በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ከተቀመጣችሁበት ወንበር ተነሡና ገልብጣችሁ ሥሩን ተመልከቱት። ምን ታያላችሁ? ያገጠጠ ምስማር፣ ተንጠባጥቦ የደረቀ ኮላ፣ መላጊያ ያልነካው ሻካራ እንጨት ሳይሆን አይቀርም። እኛ ሴቶች ጤፍ የምንገዛው ዘግነን፣ ቅቤ የምንገዛው አሽትተን፣ ጥጥ የምንገዛው ፈልቅቀን ነው። ወንበር ስንገዛ ግን የቫርኒሹን ማብረቅረቅ አይተን፣ ሒሳቡን ከፍለን ወደ ቤታችን እናስጭነዋለን። መንፈቅ ሳይሞላው አንዱ እግሩ ይላቀቃል፤ መደገፊያው ይጣመማል፤ እንግዳ በተቀመጠበት ቁጥር ልባችን ይሰቀላል።

እንግዲህ ዛሬ የምናወራው ስለ ወንበር ነው። ከወንበሩ ጋርም ወንበር መሥራትን ስለሚማሩ እጆች፣ በተለይም ስለ ሴቶች ልጆቻችን እጆች እናነሣለን።

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የደረሰ መንገደኛ ወደ አዲ አርቃይ ለመውረድ ሊማሊሞን ማለፍ ግድ ይሆንበታል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከገደሉ ላይ የተቆረጠው ይህ መንገድ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ወርዶ ወርዶ ሲያበቃ፣ ከግርጌው ድብ ባሕር የምትባለው ትንሽ ከተማ ትገኛለች። ደባርቅ ላይ ጋቢ የሚያስደርበው ብርድ ድብ ባሕር ሲደርሱ ይረሳል፤ ጋቢውም ታጥፎ ከጉልበት ላይ ይቀመጣል።

በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር በዚያ በኩል ሳልፍ የመኪናችን ፍሬን ግሎ ስለነበር እስኪበርድ ድረስ ድብ ባሕር ላይ ቆምን። ሻይ ፉት እያልን ሳለ ከአንድ የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ የመሮ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይልና ጥቂት ዝም፣ ከዚያ እንደገና ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ጠጋ ብዬ ባይ መሮውን ይዛ የምትመታው ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች ልጅ ነበረች። አጠገቧ ሁለት ወንዶች ልጆች ይልጋሉ። ዕድሜያቸው ስድሳን የዘለለ ባለሙያ ደግሞ ከበራፉ ላይ ተቀምጠው የረጠበ ጠፍር ይጎትታሉ። በጋዜጣ ላይ ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ ባለሙያው፣ ልጅቱ፣ እናቲቱ እያልሁ እቀጥላለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ሥራው ጥቂት ልንገራችሁ። የወንበር ሥራ የሚጀምረው ከመጋዝና ከመዶሻ በፊት፣ እንጨቱን ከማድረቅ ነው። በዳሱ ጀርባ የዋንዛና የባሕር ዛፍ ሳንቃ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባለት ተደርድሮ ነፋስ ያገኘዋል፤ ፀሐይ ግን አትመታውም። የእንጨት ባለሙያዎች በጥቅሉ እንደሚያሰሉት፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ያለው ሳንቃ በጥላ ሥር ለመድረቅ አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ገበያ ላይ የምናገኘው ብዙው ወንበር ቶሎ የሚላቀቀው ይህ ጊዜ ስለማይሰጠው ነው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም መጋጠሚያው ይሰፋል፤ ምስማሩም የሚይዘው ያጣል። ባለሙያው ይህን ሲያስረዱኝ፣ «ልጄ፣ እርጥብ እንጨት ቂመኛ ነው። ዛሬ እሺ ብሎሽ ነገ ይበቀልሻል» አሉኝ።

ሁለተኛው ምሥጢር መጋጠሚያው ነው። የአንደኛው እንጨት ጫፍ ተሞርዶ ይሾላል፤ የሌላው ሆድ በመሮ ይፈለፈላል፤ አንዱ በአንዱ ውስጥ ይገባል። አናጢዎች ይህንኑ ወንዴና ሴቴ ይሉታል። ልኩ ከተገኘ ምስማር አያሻውም። ወንዴው ከቀጠነ ይወዛወዛል፤ ከወፈረም ሴቴውን ይሰነጥቃል። ሦስተኛው መቀመጫው ነው። የበሬ ቆዳ ተነክሮ ከለሰለሰ በኋላ በረጅሙ እየተተለተለ ጠፍር ይወጣዋል። ጠፍሩ እንደረጠበ ይታታል፤ ሲደርቅ ራሱን በራሱ ወጥሮ እንደ ከበሮ ይጠብቃል። አያቶቻችን ይተኙበት የነበረው የጠፍር አልጋም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

በዳሱ ውስጥ ዱካም ይሠራ ነበር። ባለሦስት እግር መቀመጫ በጅማ በኩል ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ሲወጣ በርጩማ ይባላል፤ አገር ምድሩ የሚያውቀው የጅማ ሙያ ነው። እግሩ ሦስት የሆነበትም ምክንያት አለው። የቤታችን ወለል አፈር በነበረበት ጊዜ፣ ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይ ሳይወዛወዝ የሚቆም ባለሦስት እግር ብቻ ነበር። አራት እግር ያለው ወንበር ድልዳል ወለል ይፈልጋል።

አሁን ወደ ልጅቱ ልመልሳችሁ። እዚያ ቤት ከገባች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። የመጀመሪያውን ዓመት እንዴት እንዳሳለፈችው ስጠይቃት ፈገግ ብላ ወደ ባለሙያው ተመለከተች። እርሳቸውም አልሸሸጉኝም። ከእርሷ ጋር አብረው የገቡት ወንዶች ልጆች በወሩ መሮ መሳል፣ በሦስተኛው ወር መላግ ጀምረዋል። እርሷ ግን ዓመት ሙሉ ፍቅፋቂ ስትጠርግ፣ ቡና ስታፈላ፣ ሲበዛም በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልስ ነበር። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ «እጇን ብትቆርጠውስ ብዬ ፈራሁ። ደግሞም ታገባና ትሄዳለች፤ ሙያዬን ለማን ብዬ ላስተምር?» አሉኝ።

ውድ አንባቢያን፣ በባለሙያው ለመፍረድ አንቸኩል። በእኔም ቤት ወንድ ልጄ መዶሻ ሲያነሣ «ጎበዝ» ሲባል፣ ሴት ልጄ ስታነሣ «ተዪው፣ ያቆስልሻል» ስትባል ሰምቻለሁ። ይህን ያለው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እገሥጸው ነበር፤ ያልሁት ግን እኔው ራሴ ነኝ። ለሽንኩርት መክተፊያ የተሳለ ቢላዋ በየቀኑ ስናስይዛት ያልታወሰን መቁሰል፣ መዶሻ ስታነሣ ብቻ የሚታወሰን ለምንድን ነው?

ነገሩን የለወጠችው እናቲቱ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ሰፌድና ሌማት እየሰፋች ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ትልቋ ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ ትምህርቷን አቋርጣለች። በዚያው ሰሞን አንድ ደላላ ወደ ዐረብ አገር እልካታለሁ እያለ ይመላለስ ነበር። ልጅቱ ገና 17 ዓመቷ ነው፤ ሕጉ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው ለውጭ አገር ሥራ መላክን ይከለክላል። ደላላው ግን ዕድሜዋን በወረቀት ላይ አሳድጋታለሁ ይላል። እናት ጨንቋት የመጨረሻውን ቀን ቆረጠች። እስከ ፋሲካ ድረስ ልጅቱ በእጇ ሠርታ የሸጠችው አንድ ነገር ከታየ ትቀራለች፤ ካልታየ ግን ትሄዳለች።

ይህን ቆርጣ ወደ ዳሱ መጣችና ለባለሙያው እንዲህ አለቻቸው፤ «አያ፣ እኔ ልጄን ስፌት ያስተማርኋት ወስፌውን በእጇ አስይዤ ነው። አክርማ አበላሸች፣ ስንደዶ አበላሸች፣ ጣቷንም ወጋች። ዛሬ እርሷ የሰፋችውን ሌማት ከእኔው ለይቶ የሚያውቅ የለም። እርስዎ ዓመት ሙሉ መጥረጊያ አስይዘዋት ምን ልትማር ነው?» ባለሙያው መልስ አጡ። በማግሥቱ መሮ ሳሉና ሰጧት።

እኔ ይህን የእናቲቱን ንግግር በየሥልጠና ቤቱ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ እወዳለሁ። ሙያ ዓይን ስላየው ብቻ አይለመድም። እንጀራ መጋገርን ያስተማረችን እናታችን ምጣዱ ፊት አስቀምጣ አስጋግራን ነው። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን አላወጣም፤ ሁለተኛው ተቀደደ፤ ሦስተኛው ለውሻ ተጣለ። ሊጡ ባከነ ብላ ግን ከምጣዱ አላስነሣችንም። ለጀማሪ የሚበላሸው ሳንቃም እንዲሁ የትምህርቱ ክፍያ ነው። ያን ኪሣራ ለወንዱ ልጅ ችሎ ለሴቷ ሲሆን የሚሰስት የሥራ ቤት ሴቷን አላስተማረም፤ በነፃ አሠራት እንጂ።

ሌላም መሰናክል ነበር። ልጅቱ መሮ ጨበጠች ሲባል ጎረቤት ማጉረምረም ጀመረ። «የወንድ ሥራ» ያለ አለ፤ «የባለእጅ ሥራ» ብሎ ከንፈሩን የመጠጠም አለ። ይህ ሁለተኛው ነቀፋ በአገራችን ሥሩ የጠለቀ ነው። አጤ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ፣ ዛሬ የምንኮራባቸውን ግንቦች ከሠሩት እጆች መካከል የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች ይገኙባቸዋል። ለገበሬው ማረሻ የሚቀጠቅጡት፣ ለባልቴቷ ማሰሮ የሚሠሩት እነርሱ ነበሩ። በምስጋና ፈንታ ግን «ቡዳ» የሚል ስም ተለጠፈባቸው፤ ከርስትም ተገለሉ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ የዘመናት ሙያቸውም አብሮ ሄደ። ዛሬ ከጎንደር ወጣ ብላ በምትገኘው በወለቃ የሚታየው የሸክላ ሥራ የዚያ ሁሉ ሙያ ማስታወሻ ነው።

መሪዎቹም ቢሆኑ ጉዳቱን አልሳቱትም ነበር። አጤ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የውጭ አገር የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው የአገሬው ልጆች ከእነርሱ እንዲማሩ አድርገዋል። ዳግማዊ አጤ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ግን ከአንዳንድ አፍ ላይ ገና አልወረደም።

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን አባባል ደግሞ የማያውቅ የለም። በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ የሚገኙት የአውራ አምባ ሰዎች ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን አባባል በሥራ እያፈረሱት ኖረዋል። እዚያ ሴቷ ታርሳለች፤ ወንዱም እንጀራ ይጋግራል፤ የሽመናውም ሥራ የሁለቱም ነው። ሰማይ አልተናደባቸውም። ለነገሩ የሴት እጅ ለሙያ እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ሸክላው፣ ስፌቱ፣ ፈትሉ፣ ምርጊቱ የማን ሥራ ሆኖ ኖረና ነው?

ስለ ወንበር ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ ቤታችን ወንበሩ የአባወራውና የእንግዳው ነው። እናት ከምድጃው ጥግ ዱካ ላይ ቁጢጥ ትላለች፤ ዱካው ካልበቃም ቆማ ታስተናግዳለች። ወገቧን ያመማት እናት ማታ «ዛሬ መቀመጫዬ መሬት አልነካም» ስትል የምንሰማው ያለ ምክንያት አይደለም። እስኪ ዛሬ ማታ ልብ ብላችሁ ቁጠሩ። በቤታችሁ ስንት ወንበር አለ? እናትስ ስንት ጊዜ ተቀመጠችበት?

እንግዲህ ልጁን የእጅ ሙያ ለማስተማር ላሰበ ወላጅ የሚጠቅሙ ጥቂት ምክሮችን ላቅርብ።

አንደኛ፣ ልጃችሁን ለሥራ ቤት ስትሰጡ ስምምነቱ በቃል ብቻ አይቅር። ምን እንደምትማር፣ ለስንት ጊዜ እንደምትማር፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚከፈላት በጽሑፍ ይስፈር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትንም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት አይፈቀድም።

ሁለተኛ፣ በየወሩ ሂዱና «ምን ተማርሽ?» ብቻ ሳይሆን «ምን መሣሪያ ያዝሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሷ ሁልጊዜ መጥረጊያና ጀበና ከሆነ እንደዚያች እናት ተናገሩ።

ሦስተኛ፣ ጤንነቷን ጠብቁላት። የእንጨት ብናኝ ለዓመታት በአፍንጫ ሲገባ ካንሰር ሊያስከትል እንደሚችል በጥናት ተረጋግጧል፤ ስለዚህ አፍንጫና አፍን መሸፈን የግድ ነው። በኤሌክትሪክ መጋዝ አጠገብ ነጠላ ማንጠልጠልና ፀጉር መፍታት ከባድ አደጋ ያመጣል። ቫርኒሽ የሚቀባውም ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይሁን፤ ነፍሰ ጡር ደግሞ ከሽታው ትራቅ።

አራተኛ፣ በሥራ ቤት የተማረች ልጅ ወረቀት የላትም ተብላ እንዳትቀር። የሙያ ብቃት ምዘና በመደበኛ ትምህርት ቤት ያልተማረ ሰውም ተፈትኖ የምስክር ወረቀት የሚያገኝበት መንገድ ነው። በአቅራቢያችሁ ባለ የቴክኒክና ሙያ ተቋም ጠይቁ።

አምስተኛው ለገዢዎች ነው። ወንበር ስትገዙ ገልብጡት። በድልዳል ወለል ላይ አቁማችሁ በሰያፍ ተጫኑት፤ የሚያነክስ ከሆነ ተዉት። መጋጠሚያውን እዩ፤ በምስማር ብቻ የተያያዘ ከሆነ ዕድሜው አጭር ነው። ከመጠኑ በላይ ከከበደ እንጨቱ ገና አልደረቀም። ዋንዛ ነው ከተባላችሁም ከየት እንደተቆረጠ ጠይቁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን የከለከለው እነዚህ ዛፎቻችን እየተመናመኑ ስለሄዱ ነው። ባለ ዳሱ ባለሙያም ዋንዛቸውን የሚገዙት ከገበሬው ጓሮ ነበር፤ አንድ በተቆረጠ ቁጥርም ሁለት ችግኝ እንዲተከል ከሻጩ ጋር ይዋዋሉ ነበር።

ልጅቱ ከምን ደረሰች እንደምትሉኝ አውቃለሁ። መሮውን በጨበጠች በሦስተኛው ወር የመጀመሪያ ወንበሯን ሠራች። አንዱ እግር በጣት ስፋት አጠረና ወንበሩ አንካሳ ሆነ። ባለሙያው ሊያስተካክሉላት ሲነሡ እናቲቱ «ተዉት፣ እኔ እወስደዋለሁ» አለችና ከምድጃዋ አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ ልጅቱ ዱካ ሠራች፤ ሁለቱ ለፋሲካ ደባርቅ ገበያ ወጥተው ተሸጡ። ደላላው በዓሉ ካለፈ በኋላ መጣ፤ እናት ግን ቡና እንኳ ሳታፈላለት ሸኘችው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጦርነቱ ወደዚያ አካባቢ ሲደርስ እናትና ልጆች ሊማሊሞን በእግራቸው ወጥተው ደባርቅ ገቡ። ላሚቱ ቀረች፣ ጎታው ቀረ፣ ቤቱም ቀረ። ልጅቱ በነጠላዋ ጠቅልላ የወጣችው ሁለት መሮና አንድ መላጊያ ነበር። ደባርቅ ላይ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሄዳ «ሥራ አላችሁ?» ስትል ሳቁባት፤ መሮውን አውጥታ ባሳየቻቸው ጊዜ ግን ሳንቃ ሰጧት። የዚያን ክረምት ታናናሾቿ የበሉት በዚያ መሮ ነው። ላም ትዘረፋለች፤ መሬትም ጥለውት ይሸሹታል፤ እጅ የተማረውን ግን ማንም አይቀማም።

በቅርቡ በስልክ ሳገኛት ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ሁለት ለማጅ ልጆችም ከሥሯ አሉ፤ አንደኛዋ ሴት ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ምን እንደምታስይዛቸው ጠየቅኋት። «መጥረጊያም መሮም፤ ለሁለቱም እኩል ነው» አለችኝ።

እናቷም ድብ ባሕር ተመልሳለች። ያቺ አንካሳ ወንበር እንዴት ሆነች ብዬ ስጠይቅ ልጅቱ ሳቀች። «አለች፤ ዛሬም ታነክሳለች። እናቴ ከሥሯ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጋ ትቀመጥባታለች፤ እንግዳ ቢመጣም አትለቅም።»

የሳምንት ሰው ይበለን፤ ደኅና ሰንብቱ።